ጥላው ከወንበሩ ይቀድማል፦ በባሕር ዳር ግቢ ውስጥ የውጭ ማረፊያ ለሚያሰናዳ ሰው የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤቱን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው ስለ ግቢው ነው። ቡና የሚጠጣበት፣ እንግዳ የሚያስተናግድበት፣ በበዓል ዘመድ የሚሰበስብበት፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ከሥራ ተመልሶ ጫማውን አውልቆ አረፍ የሚልበት የውጭ ማረፊያ ይመኛል። የከተማዋም አየር ለዚህ የተመቸ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ብርዱም ሙቀቱም ሰውን ከደጅ የሚያባርር ዓይነት አይደለም። ችግሩ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው መጀመሩ ነው። ወንበርና ጠረጴዛው አስቀድሞ ይገዛል፣ ከዚያ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈለግለታል፣ ጥላው ደግሞ ፀሐይዋ ካስመረረች በኋላ ይታሰባል።

እኔም የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለትራስ የእንጨት ወንበሮችን ከነጠረጴዛቸው አሠርቼ በምዕራብ በኩል ባለው በረንዳችን ላይ ደረደርኋቸው። በጥቅምትና በኅዳር ማንም ቅሬታ አላሰማም። መጋቢት ሲገባ ግን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ መቀመጥ የማይቻል ሆነ። አንድ ቅዳሜ እናቴ ረከቦቷን አንሥታ መጀመሪያ ወደ ማንጎው ሥር፣ ከዚያ ወደ ማድቤቱ ግድግዳ፣ በመጨረሻም ወደ በሩ ጥግ ጥላ እየተከተለች ስትዞር ዋለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሣ ጀበናውን በአንድ እጇ እንደያዘች «ልጄ፣ ወንበር ገዛህ እንጂ ጥላ መች ገዛህ?» አለችኝ። በረንዳውን ከዚያ በኋላ እንደገና ሠራሁት፤ የእኅቴንም ግቢ አብሬ አሠራሁ። በሚከተለው ንጽጽር አንዱን አማራጭ ከሌላው የማስበልጠው በእነዚህ ሁለት ግቢዎች ባየሁት ተመሥርቼ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱ ይመረጥ

ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ «በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት ነው የምንቀመጥበት?» የሚለው ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትቆምም። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ወደ ሰሜን፣ ማለትም ወደ ጣና ሐይቅ አቅጣጫ ታጋድላለች፤ በቀሩት ወራት ከደቡብ በኩል ታበራለች። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ እጅግ ዝቅ በምትልበት ጊዜ እንኳ፣ በቀትር ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። ይህ ለጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ የሚጠቅም ነገር ሊመስል ይችላል፤ በረንዳው ወደ የት ይዙር የሚለውን የሚወስነው ግን እርሱ ነው።

ወደ ምሥራቅ የዞረ ማረፊያ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ከቀትር በኋላ ግን ቤቱ ራሱ ጥላ ይሆንለታል። ከሥራ ወይም ከገበያ ተመልሶ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ደጅ መቀመጥ ለሚወድ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ወገን የለም፤ ለጥላውም ምንም ወጪ አያስወጣም። ወደ ሰሜን የዞረው በበጋ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሲሆን የሐይቁንም ነፋስ ያገኛል፤ የታኅሣሥና የጥር ማለዳ ግን ጋቢ ያስለብሳል። ወደ ደቡብ የዞረው በተቃራኒው ለእነዚያ ቀዝቃዛ ማለዳዎች ተስማሚ ነው።

አስቸጋሪው ምዕራብ ነው። በመጋቢት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋበት ወቅት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ እጅግ ከማዘንበሏ የተነሣ፣ የጣሪያው ጠርዝ ከወለሉ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ያለ ቢሆን ብርሃኗ ከ3 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይገባል። አብዛኛው በረንዳ ግን ስፋቱ ከ2 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ጣሪያውን ማስረዘም ገንዘብ ማባከን ነው፤ የሚያስፈልገው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መጋረጃ ነው። ለዚህ ሥራ የቀርከሃ መጋረጃ፣ የጥላ መረብ፣ ወይም ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል የተሠራ ምንጣፍ ይሰቀላል። ደንገሉ ዝናብ ሲነካው ቶሎ ይበሰብሳል፤ በየዓመቱ ይለወጣል ተብሎ ከታሰበ ግን ለዓይን እርሱን የሚያህል የለም። እኔም በበረንዳችን ላይ የሰቀልሁት እርሱን ነው።

ነፋሱንም ማሰብ ይገባል። ቀን ቀን ምድሩ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊት ይገለበጣል። በሰሜን በኩል ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ድፍን የብሎኬት አጥር ያቆመ ሰው ይህን ነፋስ በተቀመጠበት ከፍታ ላይ ዘግቶታል ማለት ነው። ለደኅንነት አጥሩ የግድ ከሆነ፣ ቢያንስ ማረፊያው ፊት ለፊት ያለው ክፍል ቀዳዳ ባለው ብሎኬት ወይም በብረት ፍርግርግ ቢሠራ ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል።

ይህን ሁሉ በስሌት ለማወቅ ለማይፈልግ ሰው ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በቀትርና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ጥላ የደረሰበትን ጠርዝ በድንጋይ ምልክት ማድረግ ነው። ማታ ድንጋዮቹን ዞር ብሎ ሲያዩአቸው ማረፊያው የት መሆን እንዳለበት በግልጽ ይታያል።

ዛፍ፣ ሣር ክዳን፣ ቆርቆሮ ወይስ ሐረግ?

ግቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍ ካለ ንጽጽሩ እዚያው ያበቃል ማለት ይቻላል፤ ማረፊያው ወደ ዛፉ ይሂድ እንጂ ዛፉ ለማረፊያው ሲባል አይቆረጥ። ቅጠል ፀሐይን ከመከልከሉም በላይ ውኃ እያተነነ አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ከማንጎ ሥር ያለው አየር እኩል ጥላ ካለው የቆርቆሮ ሥር አየር ይለያል። ዘጌ በጀልባ ሄዶ በቡናው ደን ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን በገላው ያውቀዋል፤ ቡናው የሚያድገው በዋንዛ፣ በብርብራና በመሳሰሉት ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ከጀልባ ወርዶ ወደ ገዳማቱ የሚያደርሰውን መንገድ ሲጀምሩ ሙቀቱ ወዲያው ይለወጣል።

ዛፉ ገና የሚተከል ከሆነ ግን ምርጫው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማንጎ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ስለማያራግፍ ጥላው ድፍን ነው፤ ነገር ግን ፍሬው በሚደርስበት ወቅት እየወደቀ ዝንብ ይሰበስባል፤ ከሥሩም ሣር አይበቅልም። ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፣ ነጭ አበባውም ግቢውን ያስጌጣል፤ የሚያጣብቀው ፍሬው ግን ነጭ ትራስ ላይ ሲወድቅ አያስደስትም። አቮካዶ ቅርንጫፉ ተሰባሪ በመሆኑ ከበላዩ ነፋስ ከበታቹ ሰው ባለበት ቦታ አልመርጠውም። ዋርካና ሾላ ክቡር ዛፎች ናቸው፤ ሆኖም ሥሮቻቸው ለ200 ካሬ ሜትር ግቢ የሚሆኑ አይደሉም፤ የቤቱን መሠረትና የሴፕቲክ ታንኩን ፈልገው ያገኙታል። ስለ ባሕር ዛፍ መናገር አያስፈልግም፤ እርሱን ለምሰሶ እንጂ ለጥላ ማንም አይተክለውም።

ዛፍ ለሌለው ሰው ከሁሉ በላይ የሚያምረው የሣር ክዳን ጎጆ ነው። በሐይቁ ዳር ያሉ የመዝናኛ ሥፍራዎች ስለሚጠቀሙበት ብዙ ሰው ቤቱም እንዲኖረው ይመኛል። ሣር ሙቀት አያስተላልፍም፣ የዝናብን ድምፅ ይውጣል፣ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ንግግሩ ይደመጣል። የእኅቴን ጎጆ የከደኑት አዛውንት ሥራ ሲጨርሱ «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ይቆይልናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቅ ብለው «ከሥሩ እሳት ይነድበታል?» ሲሉ መልሰው ጠየቁኝ። እንደማይነድበት ነገርኋቸው። «እንግዲያው የባላገር ቤት ያህል አይቆይም፤ ያን ያቆየው ጭሱ ነው» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። በገጠር ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚጨሰው እሳት ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩንም ያርቃል፤ ጭስ የማያውቀው የከተማ ጎጆ ግን ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ መጠገን ይጀምራል።

ስለዚህ ሣር ክዳን የመረጠ ሰው ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ይቀበል። የጣሪያው ዘንበላ ከ45 ዲግሪ ያነሰ ከሆነ ውኃው ከመውረድ ይልቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ስለዚህ ጎጆው ከፍ ማለቱ የግድ ነው። ሰንበሌጡ በደንብ ካልደረቀና አንድ ስንዝር ያህል ውፍረት ካልተሰጠው በመጀመሪያው ክረምት ያንጠባጥባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እሳት አለ፤ በቡሄና በመስቀል ችቦ በሚለኮስበት ግቢ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርብ በሚያልፍበት ቦታ የሣር ክዳን እንዲሠራ አልመክርም። ጎረቤት ግድግዳ ለግድግዳ በተጣበቀበት ሰፈር አደጋው የራስ ብቻ አይደለም።

ቆርቆሮ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ቶሎ ይሠራል፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ ዝናብ አያስገባም። ጥፋቱ ሁለት ነው፦ በቀትር ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ተቀማጮቹ ይልካል፤ በሐምሌ ዝናብ ጊዜ ደግሞ ከጎን የተቀመጠን ሰው ለማነጋገር መጮኽ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በመጠኑ ማቃለል ይቻላል። ጣሪያውን ወደ 3 ሜትር ከፍ አድርጎ፣ ከሥሩ በቀርከሃ ወይም በሰሌን ኮርኒስ አልብሶ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ቢተው ሙቀቱ በብዙ ይቀንሳል፤ ድምፁም ይለዝባል። በክረምት ጭምር ደጅ መቀመጥ ለሚፈልግ ቤተሰብ የእኔ ምርጫ ይህ ባለ ኮርኒስ ቆርቆሮ ነው፤ ከሣሩ ውበቱ ያንሳል፤ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሽንብራ እየቆረጠሙ ዝናቡን ለማየት ግን እርሱ ይሻላል።

ብርሃን የሚያስተላልፈው ፋይበር ለችግኝ ቤት እንጂ ለሰው ማረፊያ አይመቸኝም። ከሥሩ ያለው ሙቀት ከደጁ ይብሳል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ቢጫ እየሆነ ይሰነጠቃል።

ሸራና የጥላ መረብ ለተከራይ የተፈጠሩ ናቸው፤ ቤት ሲለቁ ተጠቅልለው ይሄዳሉ። በመካከላቸው ግን ልዩነት አለ። ሸራ ዝናብ ይይዛል የሚባለው ጥሩ ዘንበላ ካለው ብቻ ነው፤ ካልሆነ ውኃው መኻሉ ላይ እየተጠራቀመ ይቀደዳል። መረቡ ከዝናብ አያስጥልም፤ ነፋስ ግን ያሳልፋል፤ የግንቦት ዐውሎ ሲነሣም እንደ ሸራው ምሰሶ ነቅሎ አይሄድም። በሰኔ መጀመሪያ ማውረድና በመስከረም መጨረሻ መልሶ መስቀል ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሐረግ ነው። በአጠና ወይም በቱቦላሬ ማዕቀፍ ላይ የተለቀቀ ፓሽን ፍሩት ውኃ ካገኘ በአንድ ዓመት ገደማ ጣሪያውን ይሸፍናል፤ ጭማቂውም ትርፍ ነው። ዕድሜው ግን አጭር በመሆኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና መተከል አለበት። ቡጋንቪሊያ ዘግይቶ ይሸፍናል፤ በበጋ ድርቅ ጊዜ ግን ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እርሱ በአበባ ይሞላል። እሾሁ ስላለ ሕፃናት በሚሮጡበት ከፍታ ላይ ቅርንጫፉ መከርከም ይኖርበታል።

ስለ ምሰሶው አንድ ቃል ልጨምር። የባሕር ዛፍ ምሰሶ ከቱቦላሬ ይረክሳል፤ ለዓይንም ይሞቃል፤ በቀጥታ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ግን ምስጥ ይጨርሰዋል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ዘይቱ ከላይ እንጂ ወደ እንጨቱ ውስጥ ብዙ ስለማይዘልቅ ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። የሚሻለው ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የኮንክሪት እግር አውጥቶ ምሰሶውን በብረት ማያያዣ በላዩ ማቆም ነው። ምስጥ በኮንክሪቱ ላይ ቢወጣ እንኳ የጭቃ መንገዱ በግልጽ ስለሚታይ በጊዜ ይጠረጋል።

ወለሉና የክረምቱ ውኃ

ባሕር ዳር በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ መሆኑን ካሰብን፣ 20 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ 30 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን 600 ሊትር ውኃ ያወርዳል፤ ሦስት በርሜል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለው ይህ ሁሉ የሚወርደው በወለሉ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ወለሉ ምንም ይሁን ምን ከግቢው መሬት አንድ ደረጃ፣ ማለትም 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ለእያንዳንዱም ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያዘንብል።

ሴራሚክን በተመለከተ የምናገረው በጸጸት ነው። የሚያንጸባርቀውን ነጭ ሴራሚክ በረንዳችን ላይ ያስነጠፍሁት ለውስጥ የተገዛው ስለተረፈኝ ነበር። በሐምሌ አንድ እሑድ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እያስተካከለች ወደ በረንዳው ስትወጣ እግሯ ሸርተት አለ፤ በእጇ ልትደገፍ ስትል አንጓዋን ወለም አላት፤ ሁለት ወር ያህል እንጀራ ሳትጋግር ቆየች። ለውጭ የሚሆነው ሴራሚክ ገጹ ሻካራ የሆነው ብቻ ነው፤ በእጅ ሲዳስሱት የማይንሸራተት ካልሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ መተው ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ጥቁሩን ድንጋይ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በመሆኑ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጥቁር ድንጋይ በአቅራቢያው ይገኛል፤ አጥሩም መሠረቱም ከእርሱ ነው። ሻካራነቱ በዝናብ ጊዜ እግርን ይይዛል፤ ቆሻሻ አያሳይም፤ ከአረንጓዴ ቅጠል ጋርም ቀለሙ ይስማማል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን በባዶ እግር አይረገጥም፤ ስለዚህ የጥላ ሥር ወለል ነው። በሲሚንቶ ከመገጠም ይልቅ በአሸዋ ላይ መደርደሩን የምመርጠው በተለይ ዋልካ አፈር ላለበት ግቢ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የፈሰሰ ሲሚንቶም አብሮት ይሰነጠቃል። በአሸዋ ላይ የተደረደረ ድንጋይ ግን ዝቅ ሲል ተነሥቶ እንደገና ይስተካከላል። ሲሚንቶ የግድ ከሆነ ዋልካውን አስወጥቶ በገረጋንቲ መሙላትና በደንብ መደልደል ያስፈልጋል፤ ግንበኛው «ችግር የለውም» ቢልም እንኳ።

ሊሾ ርካሽና ለመጥረግ ቀላል ነው፤ ለቡና ቄጠማ ሲጎዘጎዝበትም ያምራል። ሳይደርቅ በመጥረጊያ ሰንበር ሰንበር እንዲል ማድረግ ከመንሸራተት ያድናል፤ እንደ መስተዋት የተላሰው ሊሾ ግን ከሴራሚኩ አይሻልም። ጠጠር ከሁሉም ይረክሳል፣ ውኃውንም ወዲያው ያሰርጋል፤ የወንበር እግር ግን አይረጋበትም፤ አረጋውያንም ይቸገሩበታል። ሣር ዓይን ያሳርፋል፣ ሕፃናትም ይንከባለሉበታል፤ በበጋ በየቀኑ ውኃ ይጠይቃል፣ በነሐሴ ደግሞ የወንበሩ እግር ይሰምጥበታል። ሣሩን ለማየት፣ ድንጋዩን ለመቀመጥ አድርጎ ግቢውን መክፈል ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ይሻላል።

መቀመጫ

ጥላውና ወለሉ ከተስተካከሉ መቀመጫው ቀላል ነው። የፕላስቲክ ወንበር ይነቀፋል እንጂ ለድግስ የሚተካው የለም፤ ተደራርቦ ይቀመጣል፣ ለጎረቤትም ይዋሳል። ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ይደርቅና ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ይሰበራል። የብረት ወንበር አንቲረስት ተቀብቶ በየሁለት ዓመቱ ቀለሙ ከታደሰ ዕድሜ አለው፤ ትራስ ከሌለው ግን ማንም ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቀመጥበትም። ከእንጅባራ አካባቢ የሚመጣው የቀርከሃ ወንበር ቀላል፣ ውብና የአገር ሥራ ነው፤ ጠላቶቹ ነቀዝና ዝናብ ናቸው። ሲገዛ ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነገር የሚረግፍ ከሆነ ነቀዝ ገብቶታልና ይተው፤ የተገዛውም በየዓመቱ ቫርኒሽ ይቀባ፤ ሰኔ ሲገባም ወደ ውስጥ ይግባ።

ቦታ ለሚያጥረው ግቢ ግን መደብን እመርጣለሁ። በግድግዳው ጥግ ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት የተገነባ፣ ከፍታው 45፣ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ፣ በላዩ ፍራሽና ትራስ ሲደረግበት፣ አራት ወንበር በሚይዘው ቦታ ሰባት ሰው ያስቀምጣል፤ ሌባ አይወስደውም፣ ዝናብ አይጎዳውም፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ፍራሹ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። ቡና የምታፈላው ሰው በርጩማ ላይ ዝቅ ብላ ስትቀመጥ እንግዶቹ ከፍ ባለ ሶፋ ላይ ከሆኑ፣ እርሷ ጨዋታውን ሁሉ ቀና እያለች ነው የምትሰማው። ማረፊያው ሲታሰብ ለረከቦቱ የራሱ ጥግ ይሰጠው፤ ከጎኑም ሁለት ሦስት ዝቅ ያሉ በርጩማዎች ይኑሩ። ጥጉም በደቡብ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ የቀኑ ነፋስ ከሐይቁ ስለሚመጣ የከሰሉ ጭስ ከእንግዶቹ ይርቃል እንጂ ወደ ፊታቸው አይነፍስም። ዕጣኑ በተቃራኒው ከሰሜን ቢጨስ ለሁሉም ይዳረሳል።

ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ

ማታ ደጅ ለመቀመጥ የሚያስብ ሰው ትንኝን ሳያስብ አይቀመጥ። አካባቢው ወባ የሚገኝበት ነው፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝም የምትናከሰው ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን ነው። ጠጅ ሣር፣ በሶብላና አደስ በማረፊያው ዙሪያ ቢተከሉ መዓዛቸው መልካም ነው፤ ለሻዩም ለወጡም ያገለግላሉ፤ ቆመው ብቻ ግን ትንኝን ያባርራሉ ብሎ መተማመን አይገባም። ከእነርሱ ይልቅ አንድ ተራ ማራገቢያ ይጠቅማል፤ ትንኝ በነፋስ ላይ የመብረር አቅሟ ደካማ ነው። በአበባ ማስቀመጫ ሥር፣ በተጣለ ጎማና ክዳን በሌለው በርሜል የተጠራቀመ ውኃ በየሳምንቱ ይደፋ፤ ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር የሚበቃት ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነውና።

ለጌጥ የውኃ ገንዳ የሚሠሩም አሉ። ገንዳው ዓሣ ከሌለው የትንኝ መራቢያ ይሆናል። ሐምራዊ አበባው ያምራል ብሎ እምቦጭ አምጥቶ የሚጨምርበት ሰው ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣና ላይ የደረሰውን ማስታወስ ይኖርበታል፤ በክረምት ጎርፍ ከገንዳው የወጣ አንድ ቅርንጫፍ በቦይ ወደ ሐይቁ ለመግባት ብዙ አይቸግረውም።

መብራቱ ቢጫ ይሁን፤ ነጩ ተባይ ይሰበስባል። ከተቀማጮቹ ራስ በላይ ከመስቀል ይልቅ ራቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ቢሆን የመጣውም ተባይ እዚያው ይቀራል።

መቼ ምን ይሠራ?

ሥራው በአንድ ጊዜ ካልተሠራ አይባልም፤ እንዲያውም በየወቅቱ ቢከፋፈል ይሻላል። በነሐሴ ምንም ሳይሠሩ ውኃው ግቢው ውስጥ የት እንደሚተኛ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ወለሉ ከዚያ ቦታ ይራቅ ወይም ከፍ ይበል። ምሰሶና ወለል በጥቅምትና በኅዳር፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ነገር ግን ገና ሳይደነድን ይሠራል። የሣር ክዳን የመረጠ ሰው ሰንበሌጡ ታጭዶ እስኪደርቅ ይጠብቅ፤ ከታኅሣሥ በኋላ ቢከድን የካቲትና መጋቢትን ከጥላው ሥር ያሳልፋል። የምዕራቡ መጋረጃም ከመጋቢት በፊት መሰቀል አለበት።

ለዘንድሮ የተያዘው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ በጥላ መረቡና በጥቂት በርጩማዎች ይጀመር፤ ወለሉና መደቡ ለከርሞ ይቆዩ። በሰኔ መጨረሻ ግን መረቡ በተሰቀለበት ሥፍራ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ አንድ የማንጎ ችግኝ ይተከል። መረቡ አርጅቶ እስኪወርድ ችግኙ ይደርስበታል፤ እስከዚያው ከፍየል የሚጠብቀው እሾህ ግን በተተከለበት ቀን ይታጠርለት።